የማታው ሥራ በቀን ይመዝገብ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር፣ የከፍተኛ ትምህርት ልማት ዘርፍ
ግልባጭ፦ ለየዩኒቨርሲቲው ሴኔት እና ለምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊዎች
ጉዳዩ፦ የምህንድስና ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ለሚሠሩት የዲዛይን ፕሮጀክት ክሬዲት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ምህንድስና በሚሰጥባቸው ጊቢዎች ሁለት ዓይነት ትምህርት አለ። አንደኛውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የኮርስ ኮድ አለው፣ መምህር ተመድቦለታል፣ ፈተና አለው። ሁለተኛው የሚጀምረው ካፌ እራት ከተበላ በኋላ ነው። ከተለያየ ዓመትና ዲፓርትመንት የተሰባሰቡ ስምንት ዐሥር ልጆች አንድ ጥግ ይዘው ሞተር ይፈታሉ፣ ላሜራ ይቆርጣሉ፣ ኮድ ይጽፋሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ያዘዛቸው የለም። ትራንስክሪፕታቸው ላይም ስለዚህ ሥራ አንዲት መስመር አይጻፍላቸውም። እኔ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ነኝ፤ ሁለቱንም ትምህርት በቅርብ አያለሁ። ልጆቹ መሐንዲስ ሲሆኑ የማየው በአብዛኛው በሁለተኛው ነው።

ጥያቄዬ ይህ ሁለተኛው ትምህርት ክሬዲት ይያዝለት የሚል ነው። ለተማሪው ጉርሻ ይጨመርለት እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ነገሮችን የሚያየው በክሬዲት በኩል ስለሆነ ነው። መምህር ሎድ የሚቆጠርለት በክሬዲት ነው፤ ወርክሾፕ በስኬጁል የሚከፈተው ለተመዘገበ ኮርስ ነው፤ የዕቃ ግዥ ጥያቄም የሚስተናገደው ከኮርስ ጋር ሲያያዝ ነው። ክሬዲት የሌለው ሥራ በጀት አይያዝለትም፣ ኃላፊ አይመደብለትም፣ ሲከሽፍም ለምን ከሸፈ ብሎ የሚጠይቅ የለውም።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ጊቢ አንድ የተማሪዎች ቡድን በእጅ የሚገፋ የጤፍ መዝሪያ ለመሥራት ተነሣ። ጤፍ በመስመር ሲዘራ ዘር እንደሚቆጥብና ለአረም እንደሚመች የግብርና ባለሙያዎች መናገር ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ገበሬውን ያስቸገረው የዘሩ ደቃቅነት ነው። የጤፍ ፍሬ ቁመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ አንድ ሺህ ፍሬ ተመዝኖ ግማሽ ግራም አይሞላም። የበቆሎ መዝሪያ ፍሬውን አንድ በአንድ እየለየ ይጥላል፤ ጤፍን እንደዚያ ለይቶ መጣል የማይታሰብ ስለሆነ በተቦረቦረ ሮለር እየሰፈሩ ማፍሰስ ግድ ይላል። ልጆቹ ሮለሩን ቶርኖ ቤት ወስደው ከፕላስቲክ አስቀረጹት።

ሥራውን የፈተሹት እንዲህ ነው። ረጅም ላስቲክ ኮሪደር ላይ ዘረጉ፣ ግራሶ ቀቡት፣ መዝሪያውን በላዩ ገፉት። የወደቀው ዘር ግራሶው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ በማስመሪያ እየለኩ በእያንዳንዱ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳረፈ መቁጠር ነው። መጀመሪያ የተገኘው ውጤት አሳፋሪ ነበር፤ አንዱ ቦታ ላይ ክምር፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ ያህል ባዶ። ስፕሪንጉን ጠረጠሩ፣ ኩሽኔታውን ጠረጠሩ፣ የገፋውን ልጅ አረማመድ ሁሉ ጠረጠሩ። ኋላ አንዲት የኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደረቁ ዘር ከፕላስቲኩ ጋር ሲፋተግ ቻርጅ እየያዘ ይሆናል አለች። ሮለሩ በአሉሚኒየም ሲቀየር ክምሩ በግልጽ ቀነሰ። በስታትስቲክስ ኮርስ ሲ ያገኘ አንድ ልጅ ስታንዳርድ ዴቪየሽን ለምን እንደሚጠቅም የገባው እዚያ ላስቲክ ላይ ተንበርክኮ ፍሬ ሲቆጥር ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር፤ ሰሌዳው ግን ግራሶ የለውም።

መዝሪያውን ይዘው በአቅራቢያው ወዳለ አንድ ገበሬ ሄዱ። ሰውየው አገላብጠው አዩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ጭቃ ላይስ?»

መረሬ በሚባለው ጥቁር መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራው በክረምት አፈሩ ውሃ ጠግቦ ጭቃ ሲሆን ነው። ሮለሩን የሚያዞረው ደግሞ የመዝሪያው ጎማ ነበር፤ ጎማው ጭቃ ከጠቀለለ አይዞርም፣ ጎማው ካልዞረ ዘር አይወርድም። ይህን ለመፈተሽ ሐምሌን መጠበቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ ተማሪ ጊቢ የለም። ቡድኑን የሚመሩት ሁለቱ ልጆች በዚያው ዓመት ተመረቁ፤ የግራሶው ቆጠራ፣ ስዕሉ፣ ፕላስቲክ ለምን እንደተተወ የተጻፈው ሁሉ በላፕቶፖቻቸው ውስጥ አብሯቸው ሄደ። መዝሪያው ስቶር ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ልጆች በጣም ተደስተው ቢሮዬ መጡ፤ የጤፍ መዝሪያ ሊሠሩ ነው። ሮለሩን ከፕላስቲክ ሊያስቀርጹ አስበዋል።

ክቡራን፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጆቹ አልሰነፉም፣ ዕውቀትም አላጡም። የጎደለው ሥራውን ከአንዱ ባች ወደ ሌላው የሚያሻግር ሥርዓት ነው። መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ ከላይብረሪ ክሊራንስ አያገኝም፤ የዶርም ቁልፍ የጠፋበትም ሳይከፍል አይወጣም። የሁለት ዓመት የቡድን ልፋት በፍላሽ ይዞ የሚሄደውን ግን በር ላይ የሚያስቆመው የለም። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ያለ ርክክብ ሥራ በማይለቅበት አገር የምህንድስና ሥራ ያለ ርክክብ ይቀራል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት ኩሽኔታ ከስቶር ለማውጣት ቅጽ ይሞላል፤ ስቶር ከሌለ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ከዚያ «ለየትኛው ኮርስ ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለኮርስ እንዳልሆነ ሲታወቅ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ያገለገለ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይወርዳሉ፤ ያገለገለች ኩሽኔታ ተከራክረው ይዘው ይመጣሉ። መከራከሩም ትምህርት ነው ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ግን ለኮርስ አይቆጠርም።

ከኪሱ የሚያዋጣው ኪስ ያለው ነው። ቤተሰብ የማይልክለት ተማሪ ማታ ማታ ሰው ቤት እየሄደ ልጅ ያስጠናል፤ ይህ የማታ ሥራ በሚሠራበት ክለብ አታዩትም። ሴት ተማሪዎችንም አስቡ። የክለብ ሥራ የሚሞቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ወርክሾፑ ከኮርስ ነፃ የሚሆነው ያኔ ነው። ከዚያ ተነሥታ መብራት በሌለው መንገድ ወደ ዶርም እንድትመለስ የምንጠብቃት ተማሪ ሁለተኛ ጊዜ ባትመጣ ለምን ይገርመናል? ያቺ የቻርጁን ነገር የደረሰችበት ልጅ ለሁለት ወር መጥታ ቀረች። ሰበቧን አልነገረችንም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ መንገዱን አውቀዋለሁና። ሥራው ክሬዲት ኖሮት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስኬጁል ቢያዝለት ኖሮ ቢያንስ መንገዱ ሰበብ አይሆንም ነበር። ክሬዲት ይሰጥ ስል አንዱ ትልቅ ምክንያቴ ይህ ነው፤ ስለ ፈጠራና ስለ ሥራ ዕድል በየስብሰባው የሚባለውን ሌሎች ይበሉት።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ሲጀምር ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ አድርጎት ነበር፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው ነው የሄዱት። በጤና ትምህርት ደግሞ ከዚያም የቀደመ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን አሰልፎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። የጅማ ዩኒቨርሲቲም የማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው አድርጎ፣ ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው የሚያጠኑትንና የሚሠሩትን የሥርዓተ ትምህርቱ አካል አድርጎ ያስተምራል። የነርስና የሐኪም ተማሪ በቡድን ቀበሌ ገብቶ የሠራው ሥራ ከተቆጠረለት፣ የመሐንዲሱ ተማሪ ለገበሬ መዝሪያ ሲሠራ የማይቆጠርበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ደግሞም እኛው ራሳችን የምህንድስና ተማሪን አንድ ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ ፋብሪካና ሳይት ልከን ግሬድ እንሰጥበታለን። እዚያ ሄዶ ፋይል ሲያደራጅ የከረመ ልጅ ክሬዲቱን ይዞ ይመለሳል።

ውጭ አገርም የተለመደ ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤፒክስ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ፤ ተማሪዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ በቡድን እየተመዘገቡ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች ዕቃ ይነድፋሉ፣ ክሬዲትም ያገኛሉ፤ አንዱ ሲመረቅ ሌላው ይተካል፣ ፕሮጀክቱ ይቀጥላል። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድዋርድ ኮይል በኋላ ወደ ጆርጂያ ቴክ ሲሄዱ ይህንኑ ሐሳብ አስፍተው የተለያየ ዓመት ተማሪዎችና መምህራን ለዓመታት በአንድ ፕሮጀክት ላይ የሚቆዩበትን አሠራር እዚያ አቋቋሙ። ኤምአይቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ከመምህራን ጋር ምርምር የሚሠራ ተማሪ ክሬዲት ወይም ክፍያ መርጦ እንዲወስድ፣ ከፈለገም በፈቃደኝነት እንዲሠራ አድርጓል። ምርጫ መኖሩን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ተቃውሞ በጣም አከብራለሁ። ፍቅር ያለበትን ሥራ ግሬድ ስትሰጡት ታበላሹታላችሁ የሚል ነው። የሆላንዱ ዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሄድ መኪና ሠርተው አውስትራሊያን ከዳርዊን እስከ አደሌድ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር በሚሆን ውድድር ያቋርጣሉ፤ ደጋግመውም አሸንፈዋል። ለዚያ ሲሉ ትምህርታቸውን አንድ ዓመት ያቆማሉ። ክሬዲት አላስፈለጋቸውም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከኋላቸው ስፖንሰር፣ የተሟላ ወርክሾፕና አንድ ዓመት ቢዘገይ የማይጨነቅ ቤተሰብ አለ። የእኛ ልጅ አንድ ዓመት ዊዝድሮው ቢሞላ ቀበሌው ሁሉ ተባረረ ብሎ ያወራል።

ቢሆንም ፍርሃቱ መሠረት አለው። ተማሪ ግሬድ ያየ እንደሆነ ለግሬዱ ይሠራል፤ ከዚያ «መምህር፣ ስንት ገጽ ይበቃል?» ይመጣል። ስለዚህ ክሬዲቱ ኤ እና ቢ ባይኖረው፣ አልፏል ወይም አላለፈም ብቻ ቢባልበት እመርጣለሁ። ጂፒኤ ውስጥ አይግባ። ማንም አይገደድበት። ክለብን ክለብ አድርጎ በነፃነት መቀጠል የሚፈልግም ይቀጥል።

ሚዛኑንም ቢሆን በእጃችን ይዘነዋል። ካሪኩለሞቻችን ላይ የሚታተመው የክሬዲት መለኪያ፣ ኢሲቲኤስ፣ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ተማሪው በሳምንት ስድስት ሰዓት ለ16 ሳምንት ከሠራ 96 ሰዓት ይሆናል፤ በራሳችን ስሌት ከሦስት ኢሲቲኤስ በላይ ማለት ነው። በየሴሚስተሩ እየተመዘገበ ሦስት ጊዜ ቢወስደው የአንድ ሁለት ኢሌክቲቭ ቦታ ይሸፍናል። መሸፈኑ ወሳኝ ነው። አሁን ካለው ጫና ላይ የሚደረብ ከሆነ ይቅርብን፤ ተማሪው እንቅልፉን እንጂ ሌላ የሚሰጠው የለውም።

የሚገመገመው ምን ይሁን? ዋንጫ አይሁን። ኤግዚቢሽን ላይ ሪቫን የተቆረጠለት ዕቃም አይሁን፤ ሪቫን ከተቆረጠ በኋላ ስንቱ ስቶር እንደሚገባ አይቻለሁ። እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። አንደኛው እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ እጅ፣ በቀኑ ቀን የሚጽፈው የሥራ ደብተር ነው፤ ምን ሞከረ፣ ምን ለካ፣ ምን ወሰነ፣ ለምን። ሁለተኛው የርክክብ ሰነድ ነው፤ ስዕሉ፣ መለኪያው፣ ያልሠራው ነገር ለምን እንዳልሠራ። የሰነዱ ፈተና ደግሞ ተረካቢው ነው፤ ቀጣዩ ቡድን ሰነዱን ብቻ ይዞ ሥራውን ካቆመበት ማስቀጠል ከቻለ አስረካቢው አልፏል። መዝሪያው ጭቃ ላይ ቢቆምም ያልፋል። ፕላስቲክ ቻርጅ ይይዛል ብሎ በጽሑፍ ያስረከበ ልጅ ለእኔ ኮርሱን ጨርሷል።

ስሙን ብቻ አስገብቶ የሚያልፍ ይኖራል ትላላችሁ። ይኖራል። አሁን በመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ የለም ወይ? አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ሽፋኑ ላይ ይጻፋሉ፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ከነሪፖርቱ ይገዛል፤ የት እንደሚሸጥ ተማሪውም እኛም እናውቃለን። በአንድ ወር ጥድፊያ የሚቀርብ ሥራ ይገዛል። ሦስት ሴሚስተር ሙሉ በቀኑ ቀን የተጻፈ፣ እኔም በየሁለት ሳምንቱ የፈረምኩበት ደብተር መግዛት ግን ከመሥራት ይብሳል።

አሁን ይህን ደብዳቤ ለዲፓርትመንቴ ብቻ ጽፌ ማስገባት ያልበቃኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በየደረጃው ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ካሪኩለሙ ሃርሞናይዝድ ነው፤ እኛ መንካት አንችልም።» ዲፓርትመንቱ ወደ ዲኑ ያሳያል፣ ዲኑ ወደ ሴኔቱ፣ ሴኔቱ ወደ እናንተ። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ ሲጣጣም ከአንዱ ጊቢ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ተማሪ እንዳይጉላላና ጥራቱ ወጥ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ደግ ታስቧል። ነገር ግን ለዚህ ዓይነት ሥራ አንዲት ክፍት ቦታ እንኳ አልተተወችለትም፤ በዚያ ላይ ከላይ ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ማንም በራሱ ሊሞክር አይደፍርም። እናንተ አንድ ገጽ ደብዳቤ ብትጽፉ፣ «ዩኒቨርሲቲዎች ከኢሌክቲቭ ውስጥ ይህን ያህል ክሬዲት ለተከታታይ የዲዛይን ፕሮጀክት መመደብ ይችላሉ» የምትል፣ የእነዚህ ሁሉ በሮች ቁልፍ እሷው ናት።

የመውጫ ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው 50 ከመቶ ካላመጣ አይመረቅም፤ ተቋማትም በማለፊያ ውጤታቸው ይታያሉ። ፈተናው መኖሩን አልቃወምም፤ አንዳንድ ነገር አስተካክሏል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሐረግ ጊቢውን ሞልቶታል፦ «ኤግዚት ላይ አይመጣም»። ተማሪው ላብ ሲቀር ይላታል፣ ክለብ ሲለቅ ይላታል፤ አንዳንድ መምህርም ምዕራፍ ሲዘል ይላታል። በኮምፒዩተር አራት ምርጫ የሚሰጥ ፈተና ጎማው ጭቃ ላይ ለምን እንደቆመ ሊጠይቅ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። እሱ የማይለካውን የሚለካ ሌላ ነገር ትራንስክሪፕቱ ላይ ካልተቀመጠ ግን ተማሪውም መምህሩም ወደሚለካው ብቻ ይሄዳሉ፤ እየሄዱም ነው።

መምህሩን በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር፤ እኔንም ስለሚነካ ቅር እያለኝ ነው። ማታ ከልጆቹ ጋር የሚያመሽ መምህር ያንን ሰዓት ከቤተሰቡ ወስዶ ነው። ሎድ አይቆጠርለትም፤ ለዕድገት ሲያመለክት የሚታየው የታተመ ጽሑፉ ነው። 70 ከመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ከመደበው የ70 በ30 ፖሊሲ ወዲህ ክፍላችን ሞልቶ ወርክሾፑ እንደነበረ በቀረበት ሁኔታ ስንቱ መምህር ይህን በነፃ ለስንት ዓመት ይሠራል? ክሬዲቱ ቢፈቀድ ቢያንስ አንድ ቡድን ማማከር በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ነው ተብሎ በሎዱ ውስጥ ይገባል። ነገ እኔ ወደ ሌላ ጊቢ ብዛወርም የሚተካኝ ሰው ይመደባል።

አገር አቀፍ ለውጥ በአንድ ጊዜ አልጠይቅም። ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ነባርም አዲስም ተቀላቅለው፣ ለሁለት የትምህርት ዓመት ይሞከር። አዲሶቹ አይቀሩ፤ ወርክሾፓቸው ባዶ ቢሆንም በዙሪያቸው ያለው ችግር ሙሉ ነው፣ የእነሱ ተማሪ መስኖውንና ወፍጮውን ከአዲስ አበባው ይልቅ በቅርብ ያውቃል። በሙከራው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይካተት፤ ለምዝገባውም የክረምት ሴሚስተር ይፈቀድ፣ ምክንያቱም ጤፍ የሚዘራበትን ወር ዩኒቨርሲቲው ማዛወር አይችልም። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ የሥራ ደብተሮቹንና የርክክብ ሰነዶቹን አስመጥታችሁ አንብቧቸው፤ የእኛን ሪፖርት አትመኑ።

የኮርስ መግለጫውን ረቂቅ ከባልደረቦቼ ጋር አዘጋጅተነዋል፤ ሁለት ገጽ ነው። በዲፓርትመንታችን በኩል በወጉ ተመዝግቦ እንዲደርሳችሁ ልከናል። የመስከረም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይቻላል ወይም አይቻልም የሚል መልስ ብናገኝ፣ አይቻልም ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ብታደርጉልን፣ በዚሁ ዓመት ለሚመዘገቡት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ምን እንደምንላቸው እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር